ግጥሙ ከጅዳ፣ ዜማው ከደሴ፦ የአንድ ዘፈን የሥራ ማስታወሻ

ኅዳር 2018፣ ሁለተኛው ሳምንት

ሥራው አንድ ዘፈን ነው። ግጥሙ የእሷ፣ ዜማው የኔ። እኔ ደሴ ክራር እያስተማርኩና ሠርግ ላይ እየተጫወትኩ የምኖር ሰው ነኝ። እሷ የኩታበር ልጅ ናት፤ አሁን ጅዳ ሰው ቤት ትሠራለች። ግጥሞቿን ያሰሙኝ እናቷ ናቸው። ስልካቸውን ከመቀነታቸው ፈተው አወጡና "እስቲ ስማው፣ ይኼ ዘፈን ይወጣዋል?" አሉኝ። ይወጣዋል። ስሟን እዚህ አላነሳም፤ ፍላጎቷ ነው።

መጀመሪያ የተነጋገርነው ማን ይቅደም በሚለው ላይ ነው። ስቱዲዮ ባለበት ከተማ ብዙ ጊዜ ዜማው ይቀድማል። ዜማ ደራሲው "ላላላ" እያለ ይቀዳል፣ ገጣሚው በዚያ ልክ ቃል ይፈልጋል። እኔ ይህን አካሄድ ብዙም አልወደውም። ቃሉ ልግባ ሲል ይጣመማል። "ውዴ" እና "ፍቅሬ" በየዘፈኑ የሚርመሰመሱት ቀዳዳ ለመድፈን ስለሚመቹ ይመስለኛል። ስለዚህ ግጥሙ ይቅደም ተባባልን። ለእሷም ይህ ይሻላል። ዜማ ቁጭ ብሎ መስማትን ይፈልጋል። ግጥም ግን ሳህን እያጠቡም፣ ልብስ እየተኮሱም ይሠራል።

ደሴና ጅዳ ሰዓታቸው አንድ ነው። ቀይ ባሕር መሃል ላይ አለ እንጂ ሲመሽብኝ ይመሽባታል። ቤቱ ከተኛ በኋላ በቴሌግራም ድምፅ ትልካለች፣ እኔ ጠዋት ክራሬን ይዤ እሰማዋለሁ። ዓርብ ከሰዓት ትንሽ ፋታ አላት። ያኔ በስልክ እናወራለን።

ኅዳር መጨረሻ

ወሬው ሰፈር ውስጥ ተሰማ። የሰማ ሁሉ ዘፈኑን ከኛ በፊት ጨርሶታል። "የስደት ዘፈን ነዋ! በትዝታ አድርገው፣ አልቅሱልን!" ይሉኛል። ከወሎ ወደ ዓረብ አገር ልጅ ያልሸኘ ቤት ማግኘት ከባድ ነው፣ ስለዚህ ነገሩ አይገርመኝም። ለእሷ ስነግራት ሳቀች።

"ጋሼ፣ ለቅሶውን ይተዉት። እዚህም ሞልቷል። እኔ የምፈልገው የሚያሽኮረምም ዘፈን ነው።"

በማግሥቱ ይህን ላከች፦

የባቲ ገበያ ሰኞ ለት ይቆማል፣
አንተ የመጣህ ቀን ሐሙስም ይደምቃል።

ወደድኩት። ባቲን የሚያውቅ ሰው ወዲያው ይገባዋል። ሰኞ አፋሩ ግመልና ፍየሉን እየነዳ ከቆላ ይመጣል፣ ኦሮሞውና አማራው ከደጋ እህሉን ጭኖ ይወርዳል፣ ሦስት ቋንቋ በአንድ ሚዛን ላይ ይከራከራል። ሐሙስ ግን ባቲ ጭር ያለች ናት። ያቺን ጭር ያለች ቀን ማድመቅ እንግዲህ የወንዱ ሥራ ነው። ከዚህ በላይ ሙገሳ ምን አለ?

ምጣኔውም ንጹሕ ነው። የወል ቤት ነው፤ እያንዳንዱ ስንኝ ሁለት ሐረግ፣ እያንዳንዱ ሐረግ ስድስት ቀለም፣ ማለትም ስድስት ክፍለ ቃል። የ፣ ባ፣ ቲ፣ ገ፣ በ፣ ያ። ስድስት። ትምህርት ቤት ተምራው እንደሆነ ጠየቅኳት። አያቷ መንዙማ ያወጡ ነበር። ከእሳቸው ጋር ስትቀበል አድጋለች። ጆሮዋ መቁጠሩን እዚያ ጨርሶታል።

ታኅሣሥ መጀመሪያ

አብረን ለመሞከር ፈልገን ነበር። እኔ በኢሞ ክራር እመታለሁ፣ እሷ ግጥሙን በላዩ ትላለች። አይሆንም። የኔ ምት እሷ ጋ ዘግይቶ ይደርሳል፣ የእሷ ድምፅ እኔ ጋ ደግሞ ዘግይቶ ይመለሳል። ችክችካ ላይ ይህ መዘግየት ሁሉን ያፈርሰዋል። ኔትወርኩ ጥሩ በሆነበት ቀንም ያው ነው። ቀጥታ መጫወቱን እርግፍ አድርገን ተውነው።

በምትኩ ያገኘነው ዘዴ ቀላል ነው። ግጥሙን ስትልክ በማንኪያ ጠረጴዛ እየመታች ትላለች። ማንኪያው ምቱን ይሰጠኛል። ቃሉ የት እንደሚወድቅ፣ የት እንደምትተነፍስ፣ የቱን ቃል እንደምትወደው ሁሉ ከዚያ አገኛለሁ። በጽሑፍ የላከችልኝ ግጥምና በማንኪያ የላከችልኝ ግጥም አንድ አይደሉም። ለምሳሌ አዝማቹን በጽሑፍ እንዲህ ብላ ላከችው፦

ቀስ በል ሾፌሬ፣ ቀስ በል በሐረጎ።

ይህ ሰንጎ መገን ነው፣ አምስት በአምስት። በወረቀት ስትቆጥረው ግን ሁለተኛው ሐረግ ስድስት ይሆናል። ነገርኳት። "በወረቀት አይቁጠሩት ጋሼ፣ በአፍዎ ይቁጠሩት" አለችና ማንኪያዋን አነሳች። "ቀስ በል ባረጎ።" "በ" እና "ሐ" ተዋዋጡ። አምስት። ደሴ ያለ ረዳት ሁሉ እንደዚያ ነው የሚጠራው።

ታኅሣሥ አጋማሽ

የዘፈኑ ልብ መጣ። እንደመጣ እገለብጠዋለሁ፦

ሐረጎ ቁልቁለት ጉም ለብሶ ሸፈነኝ፣
አልዞርኩም ብላቸው ማን ይመሰክርብኝ።

ሐረጎን ለማያውቅ ልንገር። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ መንገዱ ግን እየተጠማዘዘ ከ500 ሜትር በላይ ይወርዳል። ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ፣ ከዚያም አውሮፕላን የሚሳፈር የደሴ ልጅ ሁሉ መጀመሪያ ሐረጎን ነው የሚወርደው። ደሴን ዞሮ ማየት ከተፈለገ እዚያ ኩርባ ላይ ነው። ልጅቷ ኩራተኛ ናት፤ ስትሄድ ዞር ብላ እንዳላየች ለሰው ትናገራለች። ዞራለች። ግን ጉም ነበር፣ ማን ያያታል?

"ስደት" የሚል ቃል የለም። "እንባ" የለም። "እናት" የለም። የሾፌርና የጉም ዘፈን ነው። ሰፈሬ ሲጠብቀው የነበረው ዘፈን እዚህ ውስጥ አለ፣ እሷ ግን አንድም ቀን አላለቀሰችም። እኔ ከዚህ ስንኝ በኋላ ግጥሙን ለማሻሻል ሐሳብ ማቅረብ ቀንሻለሁ። ቤት መምታቱ ላይ ብቻ አንድ ነገር አንስቻለሁ። "ነኝ" እና "ብኝ" በ"ኝ" ይገጥማሉ፣ ግን ከ"ኝ" በፊት ያለው ድምፅ ይለያያል። ጆሮ ላይ ትንሽ ይላላል። "እሱን ዜማው ያጥብቀው" አለችኝ። ሥራ ሰጠችኝ ማለት ነው።

ታኅሣሥ መጨረሻ

ዜማውን መጀመሪያ በማይነር ትዝታ ነው የሠራሁት። ከክራሩ ዝም ብሎ ፈሰሰ። ላክሁላት። መልሱ አጭር ነበር፦ "ትዝታ ከሆነ አለቅሳለሁ፣ አይሆንም።"

ተናደድኩ መሰለኝ። ዜማው ጥሩ ነበር። ትንሽ ቆይቼ ግን አንድ የማውቀው ነገር ትዝ አለኝ። ማይነር ትዝታና አምባሰል የሚባሉት ቅኝቶች የሚጋሩት አንድ ዓይነት ድምፆችን ነው። ከዶ ጀምረህ ዶ፣ ሬ፣ ሚ ቢሞል (በግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለ ሚ)፣ ሶል፣ ላ ቢሞል ብትል ትዝታ ነው። እነዚያኑ ድምፆች ይዘህ ማረፊያህን ሶል ላይ ብታደርግ፣ ሶል፣ ላ ቢሞል፣ ዶ፣ ሬ፣ ሚ ቢሞል፣ አምባሰል ነው። ክራሩን መቃኘት አያስፈልግም። ቤቱ አንድ ነው፣ በሩ ነው የተቀየረው። ስለዚህ የዜማውን ወገብ ሳልነካ እያንዳንዱን ስንኝ ሶል ላይ እንዲያርፍ አደረግሁ። ሐዘኑ ቀጥ አለ። አምባሰል እንደ ትዝታ ወደ ውስጥ አያዘምም፤ ቆሞ ይናገራል። ለኩራተኛ ልጅ የሚሆነው ይኸኛው ቅኝት ነው።

"ነኝ" እና "ብኝ"ም ተፈቱ። ሁለቱም ሶል ላይ ረዘም ብለው ያርፋሉ፣ ከላ ቢሞል በግማሽ ድምፅ እየወረዱ። ጆሮ የድምፁን መግጠም ስለሚሰማ የፊደሉን መላላት አያስተውለውም።

እዚህ ያለ አንድ ማሲንቆ መቺ ወዳጄ ሰማውና "ባቲን በአምባሰል ትዘፍናላችሁ?" ብሎ ሳቀ። እውነት ነው፣ ባቲ ራሱ ቅኝት ነው። የባቲ ገበያ በአምባሰል ቅኝት ሲዘፈን ለባለሙያ ጆሮ ትንሽ ቀልድ አለው። እሷም ስትሰማ ደስ አላት። ተውነው።

አንድ ተጨማሪ ችግር ደግሞ የጉሙ ነው። ሰሞኑን ጦሳ ተራራ ላይ ጉም ተኝቷል፣ የክራሬ ቆዳ በእርጥበት ይላላል፣ ድምፁ ይወርዳል። በተለያየ ቀን የላክሁላት ቅጂ በድምፅ ቁመት ስለማይገናኝ "ዛሬ ዘፈኑ ወረደብኝ" ትላለች። አሁን ከመቅዳቴ በፊት ስልኬ ላይ ባለው መቃኛ እያስተካከልኩ ነው የምልከው። ይህን ሩቅ ሆኖ የሚሠራ ሰው ሁሉ ቢያደርገው ጥሩ ነው። ጎን ለጎን ቁጭ ያሉ ሰዎች ሳያውቁት ይስማማሉ። በስልክ ግን ቁመት ካልተነጋገሩበት ይለያያል።

ጥር

ሠርግ። ሌላ ነገር የለም። ከጥምቀት በኋላ ቅዳሜና እሑድ ሙሉ ተይዣለሁ። አዝማቹን አንድ ሠርግ ላይ፣ ኮምቦልቻ ስንወርድ፣ መኪናው ውስጥ ለባንዱ ዘፈንኩት። ከሁለተኛው ኩርባ በኋላ ሁሉም ተቀበሉኝ። ሾፌሩ ግን ቀስ አላለም።

የካቲት መጀመሪያ

ሦስተኛው አንጓ፦

የሄደው ይመጣል፣ ልቤ ይህን ያውቃል፣
እናት የሰጠችኝ መቀነት ይጠብቃል።

በጽሑፍ ነው የመጣው፣ ያን ሌሊት ድምፅ መቅዳት አልቻለችም። እኔ "ይጠብቃል" ላይ "ብ"ን አላልቼ አነበብኩት። መቀነቱ ወገቧ ላይ ጠበቅ ብሏል፣ ልጅቷ ታጥቃ ቆማለች ብዬ። ዓርብ ድምፁ ሲመጣ እሷ አጥብቃ ነው የምትለው። መቀነቱ ይጠብቃታል፣ ደግሞ እስኪመጣ ይጠብቃል። ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን ስለማይለይ ሁለቱም ትክክል ናቸው።

ነገሩ ቅኔ ብቻ ቢሆን ደስ ብሎኝ አልፈው ነበር። ግን ምጣኔውን ነካው። ሲላላ "መቀነት ይጠብቃል" ስድስት ቀለም ነው። ሲጠብቅ አንድ ቀለም ይጨምርና ሰባት ይሆናል። ዜማዬ ስድስት ቦታ ነው ያለው። ስለዚህ ወይ ትርጉም እንምረጥ፣ ወይ ዜማው ይስፋ።

ከሁሉም ረጅሙን የስልክ ንግግር ያደረግነው በዚህ ላይ ነው። እሷ የምታጠነጥነው "የእናቴ መቀነት አደናቀፈኝ" የሚለውን አባባል ነው። መሄድ ያልፈለገ ሰው የሚያቀርበው ሰበብ። "እኔን አላደናቀፈኝም፣ ሄድኩ፤ ግን እየጠበቀኝ ነው" አለች። ይህን ከሰማሁ በኋላ መጥበቁን መተው አልተቻለኝም። መላላቱንም መተው አልፈለግሁም።

መፍትሔው ዜማው ውስጥ ተገኘ። አምስተኛው ቀለም ላይ ረዘም ያለች አንድ ድምፅ አለች። እሷን ለሁለት ብከፍላት ሰባተኛዋ ቀለም ቦታ ታገኛለች፣ ምቱም አይሰበርም። አንጓው ሁለት ጊዜ ነው የሚዘፈነው። መጀመሪያ ላልቶ፣ ቀጥሎ ጠብቆ። ዘፋኟ ምንም ማብራራት አያስፈልጋትም። ሁለቱን በትክክል ማለት ብቻ ነው ሥራዋ። ያስተዋለ ይሰማዋል፣ ያላስተዋለም ዘፈኑ ይበቃዋል።

የካቲት አጋማሽ

ዘንድሮ ሁለቱ ጾሞች በአንድ ሳምንት ገቡ፣ ዐቢይ ጾምና ረመዳን። እኔ ክራሬን ሰቀልኩ። እሷ ደግሞ ረመዳን ላይ ኩሽና ትሞታለች፤ ማታ ለኢፍጣር ማዘጋጀት፣ ሌሊት ለሱሑር መነሣት። ድምፅ መላኳ ቆመ። ቆሞም ይሻላል። ሰው ተርቦና እንቅልፍ አጥቶ ግጥም አይጽፍም።

እናቷ ለኢፍጣር ጠርተውኝ ሄጄ ነበር። ለጾሜ የሚሆን ምስርና ሽሮ ለብቻ አስቀምጠው ጠበቁኝ። ማታ መንዙማ ነበር። መሪው አንድ ስንኝ ያወጣል፣ ቤቱ ሁሉ በጭብጨባ ይቀበላል። መሪው የሚለው ይለዋወጣል፣ ተቀባዩ የሚለው አይለወጥም። አዝማቻችን ምን እንደጎደለው እዚያ ቁጭ ብዬ ገባኝ። አዝማቹን የሚዘፍነው ዘፋኟ ብቻዋን ነበር። መሆን ያለበት የተሳፋሪው ነው። "ቀስ በል ሾፌሬ" የሚለው መኪናው ሙሉ ሰው ይሁን። ዜማውን ከመንዙማው አልወሰድኩም፤ ያ የጸሎት ነው፣ አልነካውም። አወጣጡንና አቀባበሉን ግን ሁላችንም ያደግንበት ነው።

መጋቢት

ከዒድ በኋላ ስለ ውል ተነጋገርን። ይህን ቀደም ብሎ ማድረግ ይሻል ነበር የሚል ሰው ይኖራል። እኔ ሥራው ዘፈን መሆኑ ሳይታወቅ ውል መጻፍ አልወድም።

እኛ አገር የተለመደው ገጣሚው አንድ ጊዜ ተከፍሎት እንዲሰናበት ነው። ክፍያው ያልቃል፣ ዘፈኑ ይኖራል። ሕጉ ግን እንደዚያ አይልም። የቅጂ መብት አዋጁ፣ ቁጥር 410/1996፣ በኋላም በ872/2007 የተሻሻለው፣ ገጣሚውንም ዜማ ደራሲውንም ባለመብት ያደርጋል። የባለቤቱ የኢኮኖሚ መብት እሱ እስካለ ድረስና ከሞተ በኋላም 50 ዓመት ይቆያል። በጋራ ለተሠራ ሥራ 50 ዓመቱ የሚቆጠረው የመጨረሻው ደራሲ ከሞተ ጀምሮ ነው። ይህን ስነግራት "እንግዲህ ዕድሜ ይስጠን" አለች። ድርሻችንን እኩል አደረግን።

አንድ ነገር ላይ ግን ተከራከርን። "ዜማ፦ ሕዝብ" ይባል አለች። አምባሰል የወሎ ነው፣ የኔም የእሷም አይደለም ባይ ናት። ቅኝቱ የሕዝብ መሆኑን አምናለሁ። ቅኝት ግን ዜማ አይደለም። በዚያ ቅኝት የሠራሁት መንገድ የኔ ነው። የድሮ ዘፈን ወስዶ የራሱ ስም የሚለጥፍ ሰው አለ፣ እሷን ያስጨነቃት እሱ ነው። መጨነቋ ትክክል ነው። ስለዚህ ለማሲንቆ ወዳጄና ለእናቷ፣ ዜማውን የሆነ ቦታ ሰምተውት ያውቁ እንደሆነ እንዲነግሩኝ አሰማኋቸው። እናቷ "እኔ የማውቀው እንዲህ አያርፍም" አሉ። ያ በቃኝ።

ውሉ በእጅ ተጽፎ፣ በሁለት ምስክር ተፈርሞ፣ ፎቶው ጅዳ ሄደ፤ እሷም ፈርማ መለሰችው። ውክልና በቆንስላ በኩል መስጠት ትችል ነበር፤ ቢሮው በሚከፈትበት ቀን ግን ከቤት መውጣት አትችልም።

ሚያዝያ፣ ከፋሲካ በኋላ

ቀረጻ። ዘፋኟ የኮምቦልቻ ልጅ ናት። ድምፅዋ ወፍራም ነው፣ ለአምባሰል ይሆናል። የመጀመሪያው ስቱዲዮ አልተስማማንም። አቀናባሪው ክራሩን ትቶ ኦርጋን መግባት አለበት አለ። ኦርጋኑ ላ ቢሞልን አንድ ቦታ ላይ ቸክሎ ይይዛታል። እኔ ክራር ላይ ወደ ሶል ትንሽ ጠጋ አድርጌ ነው የምቃኛት፣ ዘፋኟም እዚያው ነው የምታገኛት። ሁለቱ አብረው ሲሄዱ ጥርስ ይፋጫል። ድምፅዋን በኮምፒዩተር ኦርጋኑ ላይ ሊያስተካክለው ሲጀምር ሂሳቤን ከፍዬ ወጣሁ።

ሁለተኛው ቦታ ደሴ ውስጥ ያለች ትንሽ ክፍል ናት። ግድግዳዋ ላይ ብርድ ልብስ ተሰቅሏል። መጀመሪያ ክራር ቀዳን፣ ከዚያ ከበሮና ጭብጨባ፣ ከዚያ ድምፅ። ባጃጅ ባለፈ ቁጥር እንቆማለን። መብራት ሄዶ ጠብቀን ቀጠልን። ለአዝማቹ እዚያ የነበረውን ሰው ሁሉ ማይክራፎኑ ዙሪያ አቆምን፣ ሻይ ያመጣችውን ልጅ ጨምሮ። እሷ ናት ከሁሉ የተሻለች ተቀባይ የሆነችው።

ግንቦት መጀመሪያ

ገጣሚዋ ሰማችው። ስለ ዜማው ምንም አላለችም። የተናገረችው ስለ አንድ ትንፋሽ ነው። ዘፋኟ "አልዞርኩም ብላቸው" ካለች በኋላ ትተነፍሳለች። "እዚያ ከተነፈሰች ውሸቷ ታወቀባት" አለች። ዋሽቶ የሚናገር ኩሩ ሰው ዓረፍተ ነገሩን ሳያቋርጥ ነው የሚጨርሰው፣ እንዳይጠየቅ። ዘፋኟን መልሰን ጠራናት፣ ስንኙን በአንድ ትንፋሽ አለችው። አሁን ልክ ነው።

የሚቀረው ማሲንቆውና ሚክሲንጉ ነው። ማሲንቆው መግቢያው ላይና ከሦስተኛው አንጓ በፊት ብቻ ይገባል፣ ሌላ ቦታ ከቃሉ ጋር ይሻማል። ሽፋኑ ላይ "ግጥም" የሚለው ከ"ዜማ" በላይ ይጻፋል፤ ይህን ያልኩት እኔ ነኝ።

እሷ ደግሞ ትናንት ማታ አዲስ ግጥም ልካለች። አራት በአራት ነው፣ ቡሄ በሉ ምጣኔ፣ ማንኪያው በጣም ይፈጥናል። ቅኝቱ አንቺ ሆዬ ይሁን ብላለች። ለእሱ ክራሩን እንደገና መቃኘት አለብኝ።